የዜማ ምልክቶቻችንና ሁለቱ ባለውለታዎች
(አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል)

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከአንድ ኀፍረት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሜ ኀፍረቴን ልንገራችሁ።

በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ በአንድ ክፍል የሚያድር የውጭ አገር ሙዚቃ የሚወድ ጓደኛ አለኝ። አንድ ማታ በስልኩ አንድ የመዘምራን ዜማ አሰማኝና፥ «ይህን የደረሰው ባኽ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ከደረሰው 300 ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም በወረቀቱ ላይ ያለውን ምልክት እያዩ ይዘምሩታል» አለኝ። ቀጥሎም፥ «አንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነህ። የእናንተ ዜማስ ምልክት አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እንዴታ! አለው እንጂ» አልሁት፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር።

«እስቲ አንዱን ጻፍልኝና አሳየኝ።»

ብዕሩን ተቀብዬ ዝም አልሁ። ለስምንት ዓመት በመዝሙር ክፍል አገልግያለሁ፤ ከበሮ እመታለሁ፤ ወረብ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዜማችን ምልክቶች አንዱን በስሙ ልጠራ፥ ቅርጹንም ልጽፍ አልቻልሁም። ብዕሩን መለስሁለት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራችንን መሪጌታ በር ላይ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው፥ «ሰፈርህ የት ነው?» አሉኝ።

«እዚሁ መርካቶ ነው የኔታ፤ ራጉኤል አካባቢ።»

«ራጉኤል ማን ነው?»

«ሊቀ መላእክት ነዋ።»

«መልካም። ሌላ ራጉኤል መኖሩንስ ታውቃለህ? ድጓ የያዘ ሰው ሁሉ ባለ ዕዳው የሆነለት?»

አላውቅም አልሁ። «እንግዲያው ከእርሱ እንጀምር» አሉኝና በቤተ ልሔሙ ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከእሳቸው የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ ያገኘሁትን አጠቃልዬ እንደሚከተለው አቅርቤላችኋለሁ። የታሪኩን ዘመናት የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. የዜማው አባት

ስለ ምልክቶቹ ከመናገራችን በፊት ምልክቶቹ የተደረጉለትን ዜማ ማስታወስ ይገባናል። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደ ተወለደ፥ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ እንደ ተማረ፥ ትምህርት አልገባው ብሎ በመገረፉ ከትምህርት ቤት እንደ ኮበለለ ሁላችንም በሕፃናት ክፍል ሰምተናል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው እንደ ወጣች አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመንም በአክሱም ጽዮን ዜማውን አሰማ። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በትረ መንግሥቱን በያሬድ እግር ላይ ተክሎ ሳያውቅ ወጋው፤ ያሬድም አልተሰማውም። ንጉሡ ደንግጦ ምን ላድርግልህ ቢለው የለመነው ሀብት ወይም ሹመት አይደለም፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጸሎት ለመኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ነው። መታሰቢያውን ግንቦት 11 ቀን እናከብራለን።

ዜማው በሦስት ይከፈላል፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ይባላል። ሊቃውንት ሦስትነቱን በምሥጢረ ሥላሴ ይመስሉታል። መጻሕፍቱም አምስት ናቸው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ሁሉ ይዞ ይዞራል። በመስከረም በዮሐንስ ይጀምራል፤ ከዐቢይ ጾም በፊት አስተምህሮ አለ፤ ከትንሣኤ በኋላ ፋሲካ ይቀጥላል። ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ነው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ነው። መዋሥዕት ለሙታን የሚደርስ ነው። ምዕራፍ የዘወትሩን የጸሎትና የመዝሙር ሥርዓት የያዘ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህን የሚያህል ዜማ ከያሬድ ዘመን አንሥቶ እስከ እኛ ድረስ በምን ደረሰ? ለብዙ መቶ ዓመታት መንገዱ አንድ ብቻ ነበር፤ መምህሩ ያዜማል፥ ተማሪው ይቀበላል። ቃሉ በብራና ላይ ይጻፋል፤ ዜማው ግን በሰው ልብ ውስጥ ነበር።

2. ዜማው አደጋ ላይ የወደቀበት ዘመን

በሰው ልብ የተጻፈ ነገር ሰውዬው ሲሞት አብሮት ይሞታል። ይህ በሰላም ጊዜ ብዙ አያስፈራም፤ ብዙ መምህርና ብዙ ተማሪ አለና። በ16ኛው መቶ ዘመን ግን ኢትዮጵያ ክፉ ጊዜ አየች። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብራሂም፥ በተለምዶ ግራኝ በምንለው፥ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ እነ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያምን የመሰሉ በወርቅና በመጻሕፍት የበለጸጉ አድባራት ጠፉ። መጻሕፍቱ አመድ ሆኑ። ካህናቱ ሞቱ፥ ተሰደዱ፥ ተበተኑ። ልብነ ድንግል በ1540 በስደት ሳሉ ዐረፉ፤ ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ነገሡ። በ1543 ኢማም አሕመድ በውጊያ ላይ ሲሞቱ ጦርነቱ በረደ።

ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የእኛ መርካቶ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ አየር የሚሰሙባት፥ በሐዘንም በደስታም ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ድንኳን የምንቀመጥባት ሰፈር ናት። ያነሣሁት የዜማችንን ነገር ለመረዳት ነው። የአሥራ አራት ዓመት መከራ ያለፈባት ቤተ ክርስቲያን ቆማ ዙሪያዋን ስትመለከት ሕንፃው ብቻ አልነበረም የጎደለው። ሕንፃ በድንጋይና በኖራ ይተካል። ድጓን በቃሉ ያወቀ መምህር ግን ከሞተ በምን ይተካል?

3. አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል

የነገሥታቱ ታሪክ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩ ሁለት የዜማ ሊቃውንትን በአጭሩ ያነሣል። ስማቸው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ይባላል። የድጓውን ምልክት ሠርተው ሥርዓት አስያዙ፤ በአማራ ሳይንት የምትገኘውን የተድባበ ማርያምን ካህናትም አስተማሩ ይላል። ተድባበ ማርያም ዐፄ ገላውዴዎስ እጅግ ያከበሯት ደብር ናት። በእርሷ የተማሩትም ለሌላው አስተማሩ።

ከሊቃውንቱ መካከል ምልክቶቹንም የሠራው ራሱ ቅዱስ ያሬድ ነው የሚሉ አሉ። የድሮ ብራናዎችን የመረመሩ ምሁራን ደግሞ የዜማ ምልክት በመጻሕፍቱ ላይ ተስፋፍቶ የሚታየው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ መሆኑን ጽፈዋል። መሪጌታን ይህን ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ዜማው የያሬድ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ጌራና ራጉኤል አዲስ ዜማ ደራሲዎች ነን አላሉም። የተቀበሉትን እንዳይጠፋ አሰሩት። ነዶ የሚያስር ሰው ስንዴውን እኔ አበቀልሁት አይልም።»

ይህ አነጋገር ልቤን ነካው። በዘመናችን ደራሲ የሚባለው አዲስ ነገር የፈጠረ፥ ስሙን በጉልህ ያስጻፈ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ድካማቸውን ሁሉ የሌላ ሰው ዜማ ለማዳን አዋሉት። ዛሬ በየትኛውም ደብር ድጓ ሲከፈት ሥራቸው በየመስመሩ አለ፤ ስማቸው ግን በገጹ ላይ የለም።

4. ምልክቶቹ እንዴት ይሠራሉ?

የዜማ ምልክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ በቅርጽ የሚታወቁት ናቸው። ስምንቱ ዋናዎቹ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደትና ቍርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር ተጨምረው አሥር ተብለው የሚቈጠሩበትም ጊዜ አለ። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል። ድፋት እንደ ተደፋ ቀስት ሆኖ ድምፅን ወደ ታች ያወርዳል። ቅናት ወደ ላይ የተቃና ነው፤ ድምፅን ያነሣል። ይዘት ድምፅን ያዝ ያደርጋል። ሂደት ሳያቋርጡ እንዲሄዱ ያዝዛል። ቍርጥ ቈርጦ ያሳርፋል። ርክርክ በነጠብጣብ ይጻፋል፤ ድምፅን ያንቀጠቅጣል። ደረት ድምፅን ከጉሮሮ አውርዶ በደረት ያሰማል። ጭረት ድምፅን ጠምዘዝ አድርጎ ይስባል።

ሁለተኛዎቹ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉ ፊደላት ናቸው። ድጓ አይታችሁ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል አንድ፥ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ፊደላት ተጽፈው ታገኛላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ አይቻቸው የተረሳ ቃል ማረሚያ ይመስሉኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እያንዳንዳቸው ከታወቀ የዜማ ቃል የተወሰዱ ምሕጻሮች ናቸው። ያንን ዜማ በቃሉ ያጠና ሰው ፊደሎቹን ሲያይ የመጡበትን ቃል ያስታውሳል፤ የዚያን ቃል ዜማ አምጥቶ ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ያውለዋል። እንዲህ ያሉት ምሕጻሮች በመቶዎች የሚቈጠሩ ናቸው።

ይህን መሪጌታ ሲነግሩኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የገባኝ በማግሥቱ አባቴ ወደሚሠራበት እህል በረንዳ ስሄድ ነው። እህል በረንዳ ገብታችሁ የምታውቁ በየጆንያው ላይ በቀለም ወይም በከሰል የተጻፉ አንድ ሁለት ፊደላት አይታችኋል። መንገደኛ ቢያያቸው ምንም አይነግሩትም። ባለ ሱቁና ተሸካሚዎቹ ግን ሲያዩአቸው እህሉ ከየት እንደ መጣ፥ የማን እንደ ሆነ፥ ስንተኛ ደረጃ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃሉ። አባቴን፥ «ይህ ‹አደ› ምንድን ነው?» ብለው፥ «የአድአ ጤፍ ነዋ! ስንት ዓመት እዚህ ስትመላለስ ይህን አታውቅም?» ብሎ ሳቀብኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ አላዋቂነቴ ተገለጠ ማለት ነው።

የዜማው ፊደልም እንደዚሁ ነው። ፊደሉ ጤፉን በውስጡ አልያዘም፤ ጤፉን ለሚያውቅ ሰው ያስታውሳል እንጂ። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

5. በምልክቶቹ የተሰወረው ምሥጢር

አባቶቻችን ምልክቶቹን ለድምፅ መምሪያ ብቻ አልተዉአቸውም። ስምንቱን በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ሕማማት ይተረጕሟቸዋል። ይዘት አይሁድ ጌታን መያዛቸውን ያሳስባል። ሂደት ከአደባባይ ወደ አደባባይ እየጎተቱ መውሰዳቸውን፥ ድፋት ከመስቀሉ ክብደት የተነሣ ወድቆ መደፋቱን፥ ደረት ደረቱን መመታቱን፥ ጭረት በጅራፍ ሲገረፍ በሰውነቱ ላይ የወጣውን ሰንበር፥ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ፥ ቍርጥ የሞት ፍርድ መቈረጡን፥ ቅናትም አይሁድ በቅናት በእርሱ ላይ መነሣታቸውን ያስታውሳሉ።

ስለዚህ በትንሣኤ ሌሊት እጅግ በደስታ ስናዜም እንኳ የሕማማቱ ምልክቶች ከዜማው በላይ ተጽፈው ይታያሉ። ደስታችን በምን ዋጋ እንደ ተገኘ መጽሐፉ ራሱ እንድንረሳ አይፈቅድልንም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ርክርክ በሚሰማበት ስፍራ ሁሉ እንደ ቀድሞው ለድምፅ ማሳመሪያ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

6. ባኽና የጋይንቱ ተማሪ

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። እርሱ ያነሣው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 በጀርመን አገር በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። አውሮፓውያን ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለውን የሙዚቃ ዘመናቸውን ባሮክ ይሉታል፤ ባኽ የዚያ ዘመን ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደራሲ ነው። ሲወለድ በጎንደር ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ነግሠው ነበር፤ በ1750 ሲሞት ደግሞ ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በጎንደር ነበሩ። እንግዲህ እርሱ በላይፕሲክ ለየሰንበቱ መዝሙር ሲያዘጋጅ በእኛም አገር በቍስቋም ማኅሌት ይቆም ነበር ማለት ነው።

የሕይወት ታሪኩን ሳነብ የራሳችንን ተማሪዎች ታሪክ ያነበብሁ መሰለኝ። በአሥር ዓመቱ እናትና አባቱ ሞተውበት በታላቅ ወንድሙ ቤት አደገ። ወንድሙ አንድ የዜማ ደብተር ነበረው፤ ባኽ እንዲያየው ግን አልፈቀደለትም። ልጁ ደብተሩን ከቁም ሣጥኑ ሽንቁር እያወጣ ሻማ ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን ለስድስት ወር በስውር ገለበጠው። ወንድሙ ባወቀበት ጊዜም የገለበጠውን ሁሉ ወሰደበት። በሃያ ዓመቱ ደግሞ ቡክስተሁደ የሚባለውን ሊቅ ለመስማት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጓዘ። አራት ሳምንት ፈቃድ ተቀብሎ ሄዶ አራት ወር ያህል ቆየ።

ይህን ስታነቡ ደበሎ ለብሶ፥ አኵፋዳ አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ትዝ አይላችሁም? የድጓ ምስክር የሚገኝባት ቤተልሔም በደቡብ ጎንደር በጋይንት ናት። የአቻብር፥ የቆማና የተጉለት የሚባሉ ሌሎች ስልቶችም አሉ፤ ለምስክርነት ግን ተማሪው ወደ ቤተልሔም ይወጣል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል። ቃሉን ይጽፋል፥ በላዩ ምልክቱን ያኖራል፥ መምህሩ ፊት ተቀምጦ ያዜማል፥ መምህሩ ያርመዋል። ይህ ብዙ ዓመት ይፈጃል። መሪጌታ የራሳቸውን ድጓ አሳይተውኛል። የጧፍ ሰም ጠብቶበታል፤ ጠርዙም በጣታቸው ላብ ጠቍሯል። በወጣትነታቸው በቀን ብራና እየዳመጡ፥ በሌሊት እያዜሙ የጻፉት ነው።

ሁለቱን ያመሳሰልሁት ማን ይበልጣል ለማለት አይደለም። ነገር ግን በመካከላቸው አንድ ታላቅ ልዩነት አለ፤ እንድትይዙልኝ የለመንኋችሁም ነጥብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

7. የሚያንቀላፋ ዜማና የሚሞት ዜማ

ባኽ በ1727 በማቴዎስ ወንጌል መሠረት የጌታን ሕማማት የሚናገር ታላቅ ድርሰት አሰምቶ ነበር። ከሞተ በኋላ ይህ ድርሰት ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረስቶ ወረቀቱ ብቻ ቀረ። ሜንደልሶን የሚባል ወጣት የድርሰቱን ግልባጭ ከሴት አያቱ በስጦታ አገኘ፤ ሲያጠናው ቆይቶ በ1829 በበርሊን አሰማው። ያን ጊዜ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። ሕዝቡ ተደነቀ፤ ከዚያም ወዲህ የባኽ ስም እንደ ገና ተነሣ።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ይህን ካደረገ እኛስ ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ፈራሁ። የአውሮፓው ምልክት የድምፁን ከፍታና ርዝመት በመስመር ላይ ለክቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ ዜማው ቢረሳ እንኳ ምልክቱን ማንበብ የተማረ ሰው ከወረቀቱ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የእኛው ምልክት ግን እንደ ጆንያው ፊደል ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ያስታውሳል እንጂ ላላወቀው አይናገርም። የባኽ ዜማ ሊያንቀላፋ ይችላል። የእኛ ዜማ አንድ ትውልድ ቢያንቀላፋበት ግን መጽሐፉ በእጃችን እያለ ዲዳ ይሆንብናል።

ታዲያ ጌራና ራጉኤል ስለ ምን ለክተው አላስቀመጡልንም? እኔ እንደሚመስለኝ መምህሩን ለመተካት አልፈለጉም። ምልክቱን ለመምህርና ለተማሪ መገናኛ አደረጉት። ያንን ሁሉ ጥፋት አይተው ሳለ ነገሩን ለብራና ብቻ አልተዉትም፤ ምልክቱን እንደ ሠሩ ወዲያው የተድባበ ማርያምን ካህናት አስተማሩ። መጻፍና ማስተማር ለእነርሱ አንድ ሥራ ነበር።

ከእኛ መካከል፥ «ዛሬ ሁሉም በስልክ ይቀዳል፤ ምን ያሰጋል?» የሚል ይኖራል። እኔም ለመሪጌታ ይህንኑ ብያቸው ነበር። መቅዳት መልካም ነው፤ እኛም የብዙ በዓላትን ወረብ ያጠናነው ከተቀዳ ድምፅ ነው። ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ ስትሳሳት አያርምህም። ባለፈው የጥምቀት በዓል አንዱን ወረብ እንዴት እንዳበላሸነው ታስታውሳላችሁ። አንድ ሰው ሲቀዳ ተሳስቶ ነበር፤ ሠላሳችንም ስሕተቱን አጥንተን ሠላሳችንም በአንድ ድምፅ ተሳሳትን። መሪጌታ በማግሥቱ ሲያርሙን እኔ ራሴ፥ «በስልክ ያለው እንዲህ ነው» ብዬ ተከራክሬአቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

የዚያን እሑድ ንግግራችንን ስንጨርስ መሪጌታ ድጓቸውን በማኅደሩ እየከተቱ፥ «መጽሐፉን ለቤተ ክርስቲያን አወርሳለሁ፤ ተናዝዣለሁ። ድምፁን ግን ለማን ላውርስ?» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ከደጅ የምናለሽ ተራ የቆርቆሮ መቀጥቀጫ ይሰማ ነበር። የምመልሰው አጥቼ መቋሚያቸውን አቀበልኋቸው።

8. ምን እናድርግ?

ሁላችንም የድጓ መምህር እንሁን ማለቴ አይደለም። አብዛኞቻችን ቀን በሱቅ፥ በትምህርት ቤት፥ በጋራዥ የምንውል የመርካቶ ልጆች ነን። ነገር ግን ከመካከላችን ጥቂቶች ከሥሩ ጀምረን ብንማር ለቀሩት እንተርፋለን። መሪጌታ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ካዩ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ከውዳሴ ማርያም ዜማ ጀምረው ሊያስተምሩን ፈቅደዋል። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች የመጣነው ሦስት ነን። አንደኛው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ሁለታችን በቀን የምንይዘውን እርሱ በአንድ ሰዓት ይይዘዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ታርሜአለሁ። የያሬድን ትል እያሰብሁ ገና ሁለት ጊዜ ይቀረኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ለጓደኛዬም መልሱን ወስጄለታለሁ። በደብተሩ ላይ ድፋትንና ቅናትን ጽፌ አሳየሁት፤ የጌራንና የራጉኤልን ነገር ነገርሁት። በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ባኽ በብዙ የቤተ ክርስቲያን ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ ሦስት ፊደላት ይጽፍ ነበር አለኝ፤ ትርጓሜያቸው ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ ይሁን ማለት ነው። የእኛ ጸሐፍትም ብራናቸውን በምን ቃል እንደሚፈጽሙ ታውቃላችሁ። አገርና ዘመን የለያያቸው ሰዎች ብዕራቸውን ሲያኖሩ አንድ ነገር ነው የተናገሩት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አምስቱን የቅዱስ ያሬድ መጻሕፍት ስማቸውንና አገልግሎታቸውን ተናገሩ።
2. ስምንቱን ዋና ዋና የዜማ ምልክቶች ዘርዝሩ፤ እያንዳንዱ ከጌታ ሕማማት የትኛውን ያሳስባል?
3. የጆንያው ፊደልና የዜማው ፊደል በምን ይመሳሰላሉ?
4. አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሠርተው ባያስተምሩት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
5. የተቀዳ ድምፅ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚጠቅመው እስከ ምን ድረስ ነው? መምህሩን ሊተካ የማይችለውስ በምንድን ነው?
6. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ናችሁ? (ይህን ለየራሳችሁ መልሱ።)

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።